ጠላትን የሚውጥ ሕዋስ፦ ቁንጭር፣ ካላዛርና ዝሆኔ በደቡብ ጎንደር ታሪክ

ሕዋስ አፍ የለውም። ከውጭ ያለን ነገር የሚያስገባው ዙሪያውን የከበበውን ስስ ሽፋን አጉብጦ፣ ነገሩን በሽፋኑ ጠቅልሎ፣ የተጠቀለለውን ክፍል ከቀረው ሽፋን ቆርጦ ወደ ውስጥ በመሳብ ነው። ይህ ሥራ በሰው አካል ውስጥ ሌትና ቀን አይቋረጥም። ብዙ ንጥረ ነገር ወደ ሕዋስ የሚገባው፣ ያረጀ ቀይ የደም ሕዋስ የሚወገደው፣ ከውጭ የመጣ ተህዋስ ተይዞ የሚፈጨው በዚህ መንገድ ነው። ከጣና ዳር ሜዳ እስከ ጉና ተራራ በሚዘረጋው የደቡብ ጎንደር አገር ይኸው የሕዋስ ሥራ የሦስት በሽታዎች መነሻ ሆኖ ይገኛል፤ በገደላማው ደጋ የሚታየው ቁንጭር፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ የተነሣው ካላዛር፣ በባዶ እግራቸው በሚሠሩ ገበሬዎች ላይ የሚወጣው የእግር ዝሆኔ። ሦስቱን በአንድ ታሪክ የሚያስተሳስራቸው ነገር አለ፦ ሰውነትን ለመጠበቅ የተመደበው ሕዋስ የዋጠውን መፍጨት ሲያቅተው በሽታው ከዚያ ይጀምራል።

ሽፋኑ እንዴት እንደሚታጠፍ

የሕዋስ ሽፋን ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር ነው፤ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ናኖሜትር አለ። የተሠራው በሁለት ረድፍ ከቆሙ የስብ ሞለኪውሎች ነው። የእያንዳንዱ ሞለኪውል ራስ ወደ ውሃ ይሳባል፣ ጅራቱ ውሃን ይሸሻል፤ ስለዚህ ራሶቹ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይዞራሉ፣ ጅራቶቹ በመካከል ይሸሸጋሉ። ሞለኪውሎቹ በቦታቸው የተቸነከሩ አይደሉም፤ ውሃ ላይ እንደተንሳፈፈ ዘይት ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታሉ። ሽፋኑ ሳይቀደድ የሚታጠፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም በራሱ ጠፍጣፋ መሆን ይቀናዋል፤ ለማጉበጥ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጉልበቱን የሚሰጡት ፕሮቲኖች ናቸው።

ፕሮቲኖቹ ሥራውን በተለያየ መንገድ ይሠራሉ። አንዳንዶቹ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሆነው በሽፋኑ ላይ ይለጠፋሉ፤ ሽፋኑም የእነሱን ጉብጠት ይይዛል። ሌሎቹ ከሁለቱ ረድፎች በአንዱ ውስጥ ብቻ ይሰነቀራሉ፤ አንዱ ወገን ሲሰፋ ሌላው ስለማይሰፋ ሽፋኑ ይጎብጣል። አንዳንዶቹ ደግሞ እርስ በርስ ተያይዘው በሽፋኑ ሥር መረብ ይሠራሉ። ከእነዚህ በጣም የታወቀው ክላትሪን ነው። ክላትሪን ሦስት እግር ያለው ፕሮቲን ሲሆን፣ እግሮቹ ሲጠላለፉ አምስትና ስድስት ማዕዘን ያላቸው ዓይኖች ያሉት ክብ መረብ ይሆናል። መረቡ እየተሠራ ሲሄድ ሽፋኑ ይሠረጉዳል፤ ጉድጓዱ ወደ ከረጢት ሲለወጥ ዳይናሚን የሚባል ሌላ ፕሮቲን በአንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ይቆርጠዋል። ከረጢቱም ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይገባል። ስፋቱ 100 ናኖሜትር ያህል ነው።

ይህን በመጀመሪያ ግልጽ አድርገው ያሳዩት ቶማስ ሮትና ኪት ፖርተር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወባ ትንኝ ዘመድ የሆነችውን የቢጫ ወባ ትንኝ እንቁላል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ እንቁላሉ ከእናቲቱ ደም የሚመገበውን ፕሮቲን ጠጉር ለበስ በሚመስሉ ጉድጓዶች ሲያስገባ አዩ። የጉድጓዶቹን ሽፋን የሠራውን ፕሮቲን ለይታ ክላትሪን ብላ የሰየመችው እንግሊዛዊቷ ባርባራ ፒርስ ናት፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1976 ነው። ኢንዶሳይቶሲስ የሚለውን የሥራውን አጠቃላይ ስም እ.ኤ.አ. በ1963 የሰጠው ቤልጂየማዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ሲሆን፣ እርሱ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1955 ላይሶዞም የተባለውን የሕዋስ መፍጫ ክፍል ገልጿል።

የክላትሪን ከረጢት ለትንሽ ነገር ይበቃል። ባክቴሪያ፣ ጥገኛ ተህዋስ ወይም የአፈር ቅንጣት ግን ከዚያ ይተልቃል። ከግማሽ ማይክሮሜትር የሚበልጠውን የሚውጡት ለዚህ የተመደቡ ሕዋሳት ናቸው፤ ሥራቸውም ፋጎሳይቶሲስ ይባላል። ከእነዚህ መካከል ትልቁ ማክሮፋጅ ነው። ማክሮፋጅ በቆዳ ሥር፣ በጉበት፣ በጣፊያ፣ በመቅኔና በሊምፍ ዕጢዎች ይገኛል። በገጹ ላይ ያሉት ተቀባይ ፕሮቲኖች የባዕዱን ነገር ገጽ ሲነኩ ምልክት ወደ ውስጥ ይተላለፋል። በዚያን ጊዜ አክቲን የሚባለው ፕሮቲን በነካው ቦታ ሥር በክር መልክ እየረዘመ ሽፋኑን ወደ ፊት ይገፋዋል። ሽፋኑ በባዕዱ ነገር ዙሪያ ከአንዱ ተቀባይ ወደ ቀጣዩ እየተያያዘ ይወጣል፤ ጫፎቹ ሲገናኙም ይዋሃዳሉ። ባዕዱ ነገር ፋጎዞም በሚባል ከረጢት ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል።

እንዲህ ያለ አዋዋጥ ብዙ ሽፋን ይፈልጋል። ማክሮፋጁ ገጹ እንዳያልቅበት ከውስጥ ያከማቸውን ከረጢት ወደ ገጹ አምጥቶ ያዋህዳል። ራልፍ ስታይንማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 እንዳሳዩት፣ ምንም ባዕድ ነገር ባይገጥመው እንኳ ማክሮፋጅ የገጹን ያህል ሽፋን በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ያንኑ መልሶ ወደ ገጹ ያወጣል። ፋጎዞሙ ከተዘጋ በኋላ ውስጡ አሲድ እየሆነ ይሄዳል፤ ከላይሶዞም ጋርም ይዋሃዳል። በላይሶዞሙ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የተዋጠውን ይፈጫሉ።

ይህ አዋዋጥ የመከላከያ ሥራ መሆኑን የተረዳው ኢሊያ ሜችኒኮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በጣሊያኗ መሲና ከተማ በባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ እሾህ ሰካ፤ በማግስቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበው አገኛቸው። ሰውነት ራሱን የሚጠብቀው በእነዚህ በላተኛ ሕዋሳት ነው ሲል አስተማረ። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ተውጦ የማይሞተው ተህዋስ

የሜችኒኮቭ ትምህርት ያልመለሰውን ጥያቄ የሌሽማኒያ ተህዋስ አነሣ። ስኮትላንዳዊው ወታደራዊ ሐኪም ዊሊያም ሌሽማን ከህንድ በሕመም ተመልሶ በሞተ ወታደር ጣፊያ ውስጥ ያየውን ጥቃቅን ነገር እ.ኤ.አ. በ1903 አሳወቀ። በዚያው ዓመት ቻርልስ ዶኖቫን በማድራስ ተመሳሳይ ነገር አገኘ። ሮናልድ ሮስ በሁለቱ ስም ተህዋሱን ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ ብሎ ሰየመው። ተህዋሱ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ መሆኑ በህንድ አገር በተደረገ ሙከራ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው።

በአሸዋ ዝንቧ ሆድ ውስጥ ተህዋሱ ረጅምና ጅራፍ ያለው ሆኖ ይዋኛል። ዝንቧ ስትነክስ ከደም መምጠጫዋ ጋር ወደ ቆዳ ይገባል። ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ እነሱም ይውጡታል። ቀጥሎ ማክሮፋጆች ይመጣሉ። የተህዋሱ ገጽ በደም ውስጥ ባሉ ኮምፕሊመንት በሚባሉ ፕሮቲኖች ይሸፈናል፤ ማክሮፋጁ ለእነዚህ ፕሮቲኖች ተቀባይ ስላለው ተህዋሱን በቀላሉ ይይዘዋል። በዚህ በር መግባት ለተህዋሱ ጥቅም አለው፤ በሌላ ተቀባይ ሲገባ ማክሮፋጁ የሚረጨው ገዳይ ኦክሲጅን በዚህኛው ላይ አይበረታም። በተህዋሱ ገጽ ላይ ያለው የስኳርና የስብ ሽፋንም ፋጎዞሙ ከላይሶዞም ጋር ቶሎ እንዳይዋሃድ ያዘገያል።

በተገኘው ጊዜ ተህዋሱ ቅርጹን ይለውጣል። ጅራፉ ያጥራል፤ አካሉ ክብና ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር የሚሆን ትንሽ ይሆናል። ይህ ቅርጽ አሲድ ባለበት ከረጢት ውስጥ ለመኖር የተዘጋጀ ነው። በዚያ ሆኖ ይባዛል፤ ማክሮፋጁ ሲሞላና ሲፈርስ ይወጣል፤ የወጣውን ሌላ ማክሮፋጅ ይውጠዋል። ሰውነት ጠላቱን በያዘ ቁጥር አዲስ ቤት ይሰጠዋል።

ማክሮፋጁ ተህዋሱን የሚገድልበት አቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። ቲ ሕዋሳት የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል መልእክት ሲልኩለት ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመነጫል፤ ይህም ሌሽማኒያን ይገድላል። ብዙ ሰዎች ተህዋሱ ገብቶባቸው ሳይታመሙ የሚኖሩት በዚህ ነው። ምግብ ያጣ፣ ሕፃን የሆነ ወይም በኤችአይቪ ምክንያት ቲ ሕዋሳቱ የመነመኑ ሰው ግን ትእዛዙ ይዘገይበታል ወይም ይቀርበታል። ያን ጊዜ በሽታው ያይላል።

ቁንጭር በገደል ሥር

በኢትዮጵያ ደጋ የሚታየውን ቁንጭር የሚያመጣው ሌሽማኒያ ኤትዮፒካ የተባለው ዝርያ ነው። ይህ ዝርያ የሚኖረው በቆዳ ማክሮፋጆች ውስጥ ነው። በፊት ላይ፣ በተለይ በጉንጭና በአፍንጫ ዙሪያ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ እብጠትና ቁስል ያወጣል። በአንዳንዱ ታማሚ ቁስሉ በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ጠባሳ ትቶ ይድናል። በሌላው ወደ አፍንጫና ወደ ከንፈር ገብቶ ሥጋውን ይበላል። በጥቂቶች ደግሞ በመላ አካል ላይ ይሰራጫል፤ በእነዚህ ታማሚዎች ማክሮፋጆቹ በተህዋስ ተሞልተው ሳለ ቲ ሕዋሳቱ የግድያ ትእዛዝ አይሰጡም።

የበሽታው መኖሪያ ገደልና ቋጥኝ ያለበት አገር ነው። ተህዋሱን በተፈጥሮ የሚሸከመው በቋጥኝ ስንጥቅ የሚኖረው ሽኮኮ ነው፤ የአሸዋ ዝንቧ ከሽኮኮ ደም ጋር ተህዋሱን ትወስድና ገደል አጠገብ ያለ ቤት ውስጥ የተኛን ሰው ትነክሳለች። ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው የጋይንት አገር እንዲህ ያለ ገደላማ ደጋ ነው፤ ላይ ጋይንትም ቁንጭር ከሚታይባቸው ወረዳዎች አንዱ ነው። በእነዚህ አካባቢዎች ቁንጭር ከጥንት የኖረ በሽታ ስለሆነ ሕዝቡ በጠበል፣ በዕፀዋት ቅባትና በእሳት በመተኮስ ሲታከም ኖሯል። ጠባሳው ፊት ላይ ስለሚቀር በተለይ ለወጣት ሴቶች ከሕመሙ በላይ ማኅበራዊ ሸክም አለው።

የቁንጭር ሳይንሳዊ ጥናት በኢትዮጵያ የተጠናከረው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት ያገኘው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረተ። እርሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 በደጋው አገር ስላለው የቆዳ ሌሽማኒያሲስ፣ ማለትም ስለ ቁንጭር፣ የመጀመሪያ የመስክ ጥናታቸውን አወጡ። በዚያው ዘመን አንቶኒ ብራይሰን በመላ አካል የሚሰራጨውን ዓይነት በኢትዮጵያ ታማሚዎች ላይ አጠና። ሪቻርድ አሽፎርድና ባልደረቦቹ በወሎ ኩታበርና በጋሞ ኦቾሎ ባደረጉት ጥናት የሽኮኮን ሚና አሳዩ፤ ተህዋሱም እ.ኤ.አ. በ1973 ሌሽማኒያ ኤትዮፒካ የሚለውን ስም አገኘ። አክሊሉ የመሠረተው ኢንስቲትዩት ዛሬ በስሙ ተጠርቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይሠራል።

የቆላው በሽታ ወደ ወይና ደጋ ሲወጣ

ቁንጭር የደጋ በሽታ ሲሆን፣ ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ የሚያመጣው ካላዛር በኢትዮጵያ የታወቀው በቆላ ነው። በመጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1942 በደቡብ ምዕራብ ቆላ ነው። በሰሜን ምዕራብ ጎልቶ የወጣው በመተማና በሁመራ ሰፋፊ የሰሊጥና የማሽላ እርሻዎች ከተከፈቱ በኋላ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ በአውድማና በሜዳ ላይ ያድራል፤ ከዚህ ቀደም ተህዋሱ ገብቶበት ስለማያውቅ ሰውነቱ አልተዘጋጀም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሱዳን የተመለሱ ስደተኞች በዚያው ሲሰፍሩ በሽታው እንደገና በረታ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 በሁመራ ሕክምና ጀመረ።

የደጋ ሰው ቆላን መፍራቱ የቆየ ነው። ንዳድ የሚባለው ትኩሳት ቆላ ወርዶ ያደረን ሰው ይገድላል የሚል ልምድ ከትውልድ ወደ ትውልድ ወርዷል፤ ልምዱም እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከፍታ ባላቸው አገሮች ጭምር ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ ወደ 150 ሺህ የሚጠጋውን እንደገደለ ይገመታል። ስለዚህ በጣና ዙሪያ ትኩሳት ሲነሣ ሕዝቡም ሐኪሙም መጀመሪያ የሚያስቡት ወባን ነው። መሬቱ እየጠበበ ሲሄድ ግን ፍርሃቱ ወጣቱን ከቆላ አላስቀረውም፤ ከደቡብ ጎንደር ወረዳዎች በየዓመቱ ብዙ ሰው ለሰሊጥ ሥራ ይወርዳል።

ሊቦ ከምከምና ፎገራ ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚገቡበት አገር ናቸው። ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ስለሆነ ካላዛር ይደርሳል ተብሎ አይጠበቅም ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ ዘመን ከተማና በጥንታዊቷ የገበያ ከተማ በይፋግ አካባቢ ትኩሳት የማይለቃቸው፣ የሚመነምኑና ሆዳቸው የሚያብጥ ሰዎች በዙ። ሕመሙ ለመድኃኒት የማይበገር ወባ ነው ተብሎ ታሰበ። ሕሙማኑ የወባ መድኃኒት ደጋግመው ወሰዱ፤ አልዳኑም። በሽታው ካላዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው።

ስሕተቱ ለምን እንደተፈጠረ ከሁለቱ ተህዋሳት አኗኗር መረዳት ይቻላል። የወባ ተህዋስ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ይኖራል፤ የሚመገበውም ሽፋኑን አሥርጉዶ የሕዋሱን ሄሞግሎቢን እየዋጠ ነው። ሌሽማኒያ ደግሞ በማክሮፋጅ ውስጥ ይኖራል። ነገር ግን ሁለቱም ትኩሳት ያመጣሉ፣ ደም ያሳንሳሉ፣ ጣፊያ ያሳብጣሉ። በወባ ጊዜ ጣፊያው የሚያብጠው የተበላሹ ቀይ ሕዋሳትን ሲያጸዳ ነው፤ በካላዛር ጊዜ የሚያብጠው በተህዋስ የተሞሉ ማክሮፋጆች ስለሚበዙበት ነው። የካላዛሩ እብጠት ካልታከመ አይቀንስም፤ ያልታከመ ካላዛርም በአብዛኛው ይገድላል።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል ከፈቱ። ከግንቦት 17 ቀን 1997 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2000 ዓ.ም. ድረስ የታከሙት ሰዎች መዝገብ በኋላ ተጠንቷል። ከታማሚዎቹ 77.6 በመቶ ወንዶች ነበሩ፤ መካከለኛ ዕድሜያቸው 18 ዓመት ነበር። ከታከሙት 3.6 በመቶ ሞቱ። ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆኑት የሞት ዕድላቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ከሆኑት አምስት እጥፍ ነበር። ኤችአይቪ፣ ከባድ የምግብ እጥረት፣ የሳንባ ምች፣ የሳንባ ነቀርሳና የሰውነት ማበጥ ያለባቸው ሰዎች በብዛት ሞተዋል። ወረርሽኙ በ2005 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጣሪያ ላይ ደረሰ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የአካባቢው ቋሚ በሽታ ሆነ።

ሕፃናትና ቆላ ወርደው የማያውቁ ሰዎች ጭምር መታመማቸው በሽታው በዚያው በመንደሩ እየተላለፈ መሆኑን አሳየ። 171 ታማሚዎችን ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር ያነጻጸረ ጥናት ሦስት ነገሮችን ከበሽታው ጋር አያያዘ፦ ቀን በግራር ጥላ ሥር መተኛት፣ ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር፣ ውሻ ማሳደግ። በጥቂት ውሾች መቅኔ ውስጥ የሌሽማኒያ ዘረ መል ተገኝቷል፤ የውሻ ትክክለኛ ሚና ግን ተጨማሪ ጥናት የሚፈልግ ሆኖ ተገኘ። ተሾመ ገብረ ሚካኤልና ባልደረቦቹ በአካባቢው ባደረጉት ጥናት ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ የተባለችውን የአሸዋ ዝንብ ለማስተላለፍ ቀዳሚ ተጠርጣሪ አደረጉ። ይህች ዝንብ ከግራር ዛፍና ሲደርቅ ከሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ጋር ትኖራለች፤ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ሜዳ ሁለቱም አሉት። ዝንቧ በቦታው ከነበረች፣ ከሰሊጥ እርሻ በሽታውን ይዞ የተመለሰ ሠራተኛ ደም ለወረርሽኝ መነሻ ይበቃል። በብዙ አጥኚዎች ዘንድ የተያዘው ማብራሪያም ይህ ነው።

አፈር የዋጠ ሕዋስ

ሦስተኛው በሽታ ተህዋስ የለበትም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት፣ ከፍ ባለና ዝናብ በሚበዛበት አገር በባዶ እግሩ የሚሠራ ሰው የአፈሩ ጥቃቅን ማዕድናት በእግሩ ቆዳ በኩል ይገቡበታል። ማክሮፋጆች እንደማንኛውም ባዕድ ነገር ይውጧቸዋል። ማዕድን ግን በላይሶዞም ኢንዛይም አይፈጭም። የዋጡት ሕዋሳት ይቆጣሉ፤ የሊምፍ ቧንቧዎቹ ይጠባሉ፤ ፈሳሹ መመለሻ ያጣል፤ እግሩም ከታች ወደ ላይ ያብጣል። የእግር ዝሆኔ የሚባለው ይህ ነው።

ምክንያቱን ያገኘው በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከታማሚዎች የሊምፍ ዕጢ በወሰደው ናሙና ውስጥ፣ በማክሮፋጆች ሆድ ውስጥ፣ የሲሊካና የአሉሚኒየም ቅንጣቶችን አገኘ። በሽታው በትል ሳይሆን በአፈር እንደሚመጣ አስረድቶ ፖዶኮኒዮሲስ የሚል የሕክምና ስም ሰጠው። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በሽታው በሰውነት መከላከያ ዘረ መል ልዩነት ላይ ጭምር እንደሚመሠረት አሳዩ፤ በአንድ አፈር ላይ አብረው ከሚሠሩት አንዱ ታምሞ ሌላው የማይታመመው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በተደረገው አገር አቀፍ ቅየሳ በሽታው በ345 ወረዳዎች ተገኝቷል፤ የአማራ ክልል ደጋ ከዋና መኖሪያዎቹ አንዱ ነው። መከላከያው ጫማና ውሃ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ የሚያደርግና እግሩን በሳሙና የሚታጠብ ሰው አይያዝም።

መድኃኒቱም በዚያው መንገድ ይገባል

የካላዛር ሕክምና ረጅም ጊዜ የተመሠረተው አንቲሞኒ በሚባል ንጥረ ነገር ላይ ነው። ብራዚላዊው ጋስፓር ቪያና እ.ኤ.አ. በ1912 አንቲሞኒን ለሌሽማኒያ ተጠቀመ፤ ህንዳዊው ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሻለውን ዓይነት ሠራ። በኢትዮጵያ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በየቀኑ በመርፌ ለ30 ቀናት ሲሰጥ ኖሯል። መርፌው ያማል፤ ልብንና ቆሽትን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ፓሮሞማይሲን ከሚባል መድኃኒት ጋር ተደርቦ ለ17 ቀናት እንዲሰጥ መከረ፤ የሆስፒታል ቆይታውም በግማሽ ገደማ አጠረ።

ከዚህ የተለየ መንገድ የከፈተው ሊፖዞም ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሌክ ባንጋም በእንግሊዝ አገር የስብ ሞለኪውሎች በውሃ ውስጥ በራሳቸው ተሰብስበው እንደ ሕዋስ ሽፋን ያለ ከረጢት እንደሚሠሩ አሳየ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አጥኚዎች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ እነዚህ ከረጢቶች ወደ ደም ሲገቡ ከሁሉ በፊት የሚውጧቸው የጉበትና የጣፊያ ማክሮፋጆች ናቸው። ሌሽማኒያ የሚኖረውም እዚያው ነው። አምፎቴሪሲን ቢ የተባለው መድኃኒት በሊፖዞም ተጠቅልሎ አምቢሶም ተባለ። ማክሮፋጁ ከረጢቱን ባዕድ ነው ብሎ ሽፋኑን አጥፎ ይውጠዋል፤ መድኃኒቱ ተህዋሱ ያለበት ቦታ ይደርሳል፤ በተህዋሱ ሽፋን ውስጥ ካለው ስብ ጋር ተጣብቆም ይገድለዋል። ተህዋሱ የገባበት በር መውጫ የሌለው ወጥመድ ይሆንበታል።

በኢትዮጵያ አምቢሶም በተለይ የሚያስፈልገው ኤችአይቪ ላለባቸው፣ ለነፍሰ ጡሮችና በጣም ለተዳከሙ ታማሚዎች ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ከደቡብ ጎንደር የሚላኩ ከባድ ታማሚዎችን ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው፣ በጎንደርና በአብደራፊ የተካሄደው ጥናት ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው ላሉባቸው ሰዎች አምቢሶምን ሚልቴፎሲን ከሚባል መድኃኒት ጋር መስጠት ከአምቢሶም ብቻ እንደሚበልጥ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያው ውስጥ አስገባ። ከኢትዮጵያ ማዕከሎች የተገኘ ማስረጃ ለዓለም አቀፍ መመሪያ ግብዓት ሆነ።

ይህ ሁሉ እውቀት የሚጠቅመው ታማሚው በጊዜ ከደረሰ ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ያለበት፣ የሚመነምንና ጣፊያው ያበጠ ሰው፣ የወባ ምርመራው ነጻ ከሆነ ወይም የወባ መድኃኒት ካላዳነው፣ ለካላዛር መመርመር አለበት፤ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራው የአርኬ 39 ምርመራ በደቂቃዎች ውስጥ ፍንጭ ይሰጣል፤ ጥርጣሬው ከጸና ደግሞ ተጨማሪ ምርመራ ይደረጋል። ከሰሊጥ እርሻ የተመለሰ ሰው ቆላ ወርዶ እንደነበር ለጤና ባለሙያው ይንገር። በፊት ላይ የማይድን ቁስል ያለበት ልጅ ከመተኮሱ በፊት ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሕፃናትም መራመድ ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ ጫማ ይደረግላቸው። በሊቦ ከምከም በ1995 እና በ1997 ዓ.ም. መካከል ብዙ ሰው የሞተው ሕመሙ ስላልታወቀ ነበር፤ ዛሬ ግን በሽታው የታወቀ፣ ምርመራውና ሕክምናውም በአገር ውስጥ ያለ ነው።